ሸራ ሁልጊዜ ይቀድማል? የባሕር ላይ የመተላለፍ ሕግ የሚለውና የማይለው

በፈረንጆቹ ኦገስት 6 ቀን 2011 በደቡብ እንግሊዝ፣ በዋይት ደሴትና በዋናው ምድር መካከል በሚገኘው ሶለንት በተባለው የባሕር መተላለፊያ፣ 10 ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለሸራ የውድድር ጀልባ 120 ሺህ ቶን ገደማ በሆነ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፊት ለፊት ለማቋረጥ ሞከረች። አልሆነላትም። የፊት ሸራዋ በመርከቡ መልህቅ ተያዘ፤ ምሰሶዋ ተሰበረ፤ ከባሕረኞቿ አንዱ ቆሰለ፤ ሌላው ራሱን ለማዳን ወደ ውኃው ዘለለ። ሕይወት ባይጠፋም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2013 በሳውዝሃምፕተን የተሰየመው ችሎት የጀልባዋን አዛዥ ጥፋተኛ ብሎ 3 ሺህ ፓውንድ ቀጣው፤ በዚያ ላይ 100 ሺህ ፓውንድ የክስ ወጪ እንዲከፍል አዘዘ።

“በባሕር ላይ ሞተር ለሸራ መንገድ ይለቃል” የሚለውን የቆየ አባባል የሰማ ሰው በዚህ ፍርድ ግራ ይጋባል። ጀልባዋ በሸራ ትሄድ ነበር፤ መርከቡ ደግሞ በሞተር ነበር የሚጓዘው። ታዲያ ጥፋተኛ የተባለው እንዴት ባለሸራው ሆነ?

መልሱ አባባሉ ግማሽ እውነት መሆኑ ላይ ነው። የባሕር ሕግ ለሸራ የሚያደላበት ቦታ አለ፤ ሸራ ለሌላው እንዲለቅ የሚያዝበት ቦታም አለ። ከሁሉም በላይ ግን ሕጉ ለማንም ቢሆን “መንገዱ ያንተ ነው” ብሎ ያልተገደበ መብት አይሰጥም። ለሁለቱም ወገን ግዴታ ያከፋፍላል እንጂ። ይህን ልዩነት አለመረዳት በባሕር ላይ ሕይወት ያስከፍላል። በባሕረ ሰላጤውና በቀይ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር፣ በወደብ ለሚሠራ ወይም ዘመዱ በጀልባ ለሚሻገር ሰው ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከነፋስ ዘመን ወደ እንፋሎት ዘመን

መርከቦች ሁሉ በነፋስ በሚሄዱበት ዘመን ማን ለማን እንደሚለቅ የሚወስነው በባሕረኞች መካከል የተለመደው ሥርዓት ነበር። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ የአንዱ መርከብ ችግር ለሌላው ግልጽ ነበር። ወደ ነፋሱ ምንጭ ተጠግቶ በጭንቅ የሚጓዝ መርከብ የመዞር ነጻነቱ ጥቂት ነው፤ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ የሚነጉደው ግን ወደፈለገው ወገን ሊያጋድል ይችላል። ስለዚህ ነጻ የሆነው ለተቸገረው ይለቅ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ሚዛኑ ተናጋ። ይህ አዲስ መርከብ ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም ይጓዛል፤ በነፋሱ ፊት ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል፤ ሲፈልግም ወደኋላ ይመለሳል። በ1840 በለንደን የሚገኘው ትሪኒቲ ሀውስ የተባለው ጥንታዊ የባሕር ተቋም ባወጣው ደንብ ለጥያቄው ብልሃት የተሞላበት መልስ ሰጠ፦ የእንፋሎት መርከብ መልካም ነፋስ እንዳገኘ መርከብ ይቆጠር፤ ስለሆነም ወደ ነፋሱ ተጠግቶ ለሚጓዝ ባለሸራ ይልቀቅ። የዛሬው ሕግ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሸራ የተመረጠው ስለተከበረ ወይም ስለጥንታዊነቱ ሳይሆን እንደልቡ መዞር ስለማይችል ነው።

ከዚያ በ1846 የብሪታኒያ ፓርላማ ጉዳዩን በሕግ ደነገገ፤ በ1863 ብሪታኒያና ፈረንሳይ በጋራ ደንብ ተስማሙ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏቸው። በ1889 በዋሽንግተን የተካሄደው ጉባኤ ደንቡን ዓለም አቀፍ መልክ ሰጠው። ዛሬ የሚሠራበት ሰነድ በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል በ1972 በለንደን የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ከጁላይ 15 ቀን 1977 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። የሚገዛውም ትልልቅ መርከቦችን ብቻ አይደለም፤ በውቅያኖስ ላይና ከውቅያኖስ ጋር በተገናኘ የመርከብ መተላለፊያ ላይ የሚንሳፈፍን ማንኛውንም መጓጓዣ፣ ከአሣ አጥማጁ ታንኳ እስከ ግዙፉ ኮንቴይነር ጫኝ ድረስ፣ ይመለከታል።

ባለሸራ የሚባለው ማን ነው?

ሕጉ አስቀድሞ ስሙን ያጠራል። በአንቀጽ 3 መሠረት ባለሸራ የሚባለው በሸራ የሚጓዝ፣ ሞተር ቢኖረውም እንኳ በዚያ ሰዓት ሞተሩን የማይጠቀም ጀልባ ነው። ሸራው ተወጥሮ፣ ነፋሱ ሞልቶት፣ ከሥር ግን ሞተሩ የሚገፋው ከሆነ በሕጉ ፊት ባለሞተር ነው። ባለሞተር ላይ የተጣለው ግዴታ ሁሉ ይመለከተዋል። ይህንን ለሌሎች ለማሳወቅም በቀን ጫፉ ወደታች የተደፋ ጥቁር የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ምልክት ከፊት በኩል እንዲሰቅል ይጠበቅበታል።

ይህ ትርጉም በዱባይ ኾር ወይም በዶሃ ዳርቻ የእንጨት ጀልባዎችን ለሚያይ ሰው ልብ የሚባል ነው። ዳው ወይም ሳምቡክ የሚባሉት ጀልባዎች ቅርጻቸው የሸራን ዘመን ያስታውሳል፤ ዛሬ በንግድ ላይ የተሠማሩት ግን በአብዛኛው በናፍጣ ሞተር የሚንቀሳቀሱ ናቸው። መልካቸው ጥንታዊ ስለሆነ ሕጉ ባለሸራ አይላቸውም። ሕጉ የሚጠይቀው “አሁን የሚገፋህ ምንድን ነው?” ብሎ ነው።

ሸራ ከሸራ ጋር ሲገናኝ

ሁለት ባለሸራዎች ሊጋጩ በሚችሉበት ሁኔታ ሲቀራረቡ የሚሠራው አንቀጽ 12 ነው። አንቀጹን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ ነፋስ ለአንድ ጀልባ ከቀኝ ወይም ከግራ ወገን ይመጣል፤ ሸራው ደግሞ ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን ይነፋል። ስለዚህ ዋናው ሸራ ወደ ግራ ከተዘረጋ ነፋሱ ከቀኝ ነው፤ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ከግራ ነው። ሌላው ባሕረኛ ከሩቅ ሸራውን በማየት ብቻ ይህንን ያውቃል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ሁለቱ ጀልባዎች ነፋሱን ከተለያየ ወገን የሚቀበሉ ከሆነ፣ ነፋሱ ከግራ የሚመጣበት ይለቃል።

ሁለተኛው ሕግ፦ ሁለቱም ነፋሱን ከአንድ ወገን የሚቀበሉ ከሆነ፣ ለነፋሱ ምንጭ የቀረበው ከእሱ በታች ላለው ይለቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በላይ ያለው ንጹሕ ነፋስ ያገኛል፤ ሸራውም በታች ያለውን ነፋስ ሊያሳጣው ይችላል። የተሻለ ዕድል ያገኘው ሸክሙን ይወስዳል።

ሦስተኛው ሕግ፦ ነፋሱ ከግራ የሚመጣለት ጀልባ ከእሱ በላይ፣ በነፋሱ ምንጭ በኩል፣ ሌላ ባለሸራ ቢያይና ያ ጀልባ ነፋሱን ከቀኝ ይሁን ከግራ እንደሚቀበል በእርግጠኝነት መለየት ካልቻለ፣ ራሱ ይለቃል። በሌሊት ወይም ትልቅ የፊት ሸራ ዋናውን ሸራ በሸፈነበት ጊዜ ይህ ያጋጥማል። ሕጉ ጥርጣሬን ለራስ ጥቅም መተርጎምን ከልክሏል። የተጠራጠረ ሰው መብቱን አይከራከርም፤ መንገድ ይለቃል።

በቀድሞው ዘመን ወደ ነፋሱ ተጠግቶ የሚጓዘው በነጻ ነፋስ ከሚሄደው ይቀድም ነበር። ይህ ግን ሌላው ጀልባ ምን ያህል ወደ ነፋሱ እንደተጠጋ ከሩቅ መገመትን ይጠይቃል። የዛሬው ደንብ ግምቱን አስቀርቶ ዓይን በሚያየው ነገር፣ ማለትም ሸራው በየትኛው ወገን እንዳለ በማየት እንዲወሰን አደረገ።

በዚህ አካባቢ የሚታወቀው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የዳው ሸራ የሚንጠለጠለው በምሰሶው ላይ በግድም በተሰቀለ ረጅም ዘንግ ነው። ነፋሱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለማዞር ሲፈለግ ባሕረኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ጀልባውን በኋላው በኩል አዙረው ዘንጉንና ሸራውን ከምሰሶው ወዲህ ወዲያ ያሻግራሉ። ይህ ብዙ እጅ፣ ሰፊ ቦታና ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጀልባ አጠገቡ ደርሰው “ዞር በል” ቢሉት በቅጽበት አይዞርም። ሕጉ ለሸራ ለምን እንደሚያዝን ለመረዳት ይህንን ማየት ይበቃል።

ሸራ ከሞተር ጋር

አንቀጽ 18 ማን ለማን እንደሚለቅ እንደ መሰላል ደርድሮታል። በሞተር የሚጓዝ መርከብ ለአራት ይለቃል፦ መሪው ወይም ሞተሩ ተበላሽቶ ራሱን መቆጣጠር ላቃተው፤ በሥራው ጠባይ ምክንያት እንደልብ መንቀሳቀስ ለማይችለው፣ ለምሳሌ የባሕር ወለል ለሚቆፍር ወይም ገመድ ለሚዘረጋ መርከብ፤ መረብ ጥሎ አሣ ለሚያጠምድ፤ እና ለባለሸራ። ባለሸራው በተራው ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይለቃል። ስለዚህ ሸራ በመሰላሉ አናት ላይ አይደለም። ከሞተር አንድ ደረጃ ከፍ ይላል እንጂ መረቡን ጥሎ ለሚሠራ አሣ አጥማጅ መንገድ የመልቀቅ ግዴታ አለበት።

መሰላሉ ራሱ የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ።

ከኋላ ደርሶ የሚቀድም ማንኛውም ጀልባ፣ ባለሸራም ይሁን ባለሞተር፣ ለሚቀደመው ይለቃል። ጥሩ ነፋስ ያገኘ ፈጣን ባለሸራ ቀስ ብሎ የሚሄድ የሞተር ጀልባን ቢደርስበት የሚዞረው ባለሸራው ነው።

በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ባለሸራ፣ እንዲሁም ከ20 ሜትር ያነሰ ማንኛውም ጀልባ፣ ከዚያ መስመር ወጥቶ በደኅና መጓዝ የማይችለውን መርከብ ጉዞ እንዳያሰናክል አንቀጽ 9 ያዛል። አንቀጽ 10 ደግሞ መርከቦች በተለዩ መስመሮች በሚተላለፉባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። በሶለንት የተፈረደበት አዛዥ የተላለፈው ይህንን ዓይነቱን ግዴታ ነው። በዚያ አካባቢ የወደቡ ሕግ ከ150 ሜትር በላይ ለሚረዝሙ መርከቦች ከፊታቸው 1,000 ሜትር፣ በየጎናቸውም 100 ሜትር ክልል ለይቷል፤ ትንሽ ጀልባ ወደዚያ እንዳይገባ ይከለከላል። ክልሉ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይጓዛል።

በመጨረሻም በጭጋግ ወይም በአሸዋ አውሎ ነፋስ እይታ ሲጋረድና መርከቦች እርስ በርስ በማይተያዩበት ጊዜ ቀዳሚ የሚባል የለም። አንቀጽ 19 ሁሉም ፍጥነታቸውን ከሁኔታው ጋር እንዲያስማሙና በጥንቃቄ እንዲጓዙ ያዛል። ባለሸራውም ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው አንድ ረጅምና ሁለት አጫጭር ድምፅ እያሰማ መኖሩን ያሳውቃል።

አቅጣጫን መጠበቅም ግዴታ ነው

በየብስ መንገድ ቅድሚያ ያለው ሾፌር ቅድሚያውን ለሌላው ቢተው ጨዋ ይባላል። በባሕር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንደኛው እንዲለቅ ሲታዘዝ፣ ሌላው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን እንዳለ እንዲጠብቅ አንቀጽ 17 ያዛል። ይህ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። የሚለቀው መርከብ መንገዱን የሚያሰላው ሌላው ባለበት ይቀጥላል ብሎ ነው። በጨዋነትም ይሁን በፍርሃት ያለጊዜው መዞር ስሌቱን ያፈርሳል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ዞረው ሊጋጩ ይችላሉ።

ሆኖም አቅጣጫ ጠባቂው ዓይኑን ጨፍኖ አይጓዝም። የሚለቀው መርከብ ግዴታውን እየተወጣ እንዳልሆነ ሲታየው ራሱ እርምጃ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ከዚያ በላይ ተቀራርበው የሌላው መዞር ብቻውን ግጭቱን የማያስቀር ከሆነ ደግሞ እርምጃ መውሰድ ግዴታው ነው። “ቅድሚያው የእኔ ነበር” የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት ማምለጫ አይሆነውም።

አደጋ መኖሩን ለማወቅ ሕጉ የሚያስቀድመው ቀላል ዘዴ ነው። የሚቀርበውን መርከብ በኮምፓስ አነጣጥሮ አቅጣጫውን በዲግሪ መያዝ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና መለካት። ርቀቱ እየቀነሰ ዲግሪው ግን ካልተለወጠ ሁለቱ ወደ አንድ ነጥብ እየሄዱ ነው። የሌላው ሐሳብ ካልገባው ወይም ሌላው በቂ እርምጃ እየወሰደ ካልመሰለው ቢያንስ አምስት አጫጭርና ፈጣን ድምፅ ማሰማት አለበት። ትርጉሙም “የምታደርገው አልገባኝም” ነው።

ሕጉ የደገፋት፣ ዓይን ያላያት ጀልባ

የሶለንቱ ግጭት ባለሸራው ቅድሚያ ሳይኖረው እንዳለው አድርጎ ሲንቀሳቀስ የሚሆነውን ያሳያል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው የዋይት ደሴት አካባቢ የደረሰው አደጋ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል።

በ2006 ኦገስት 20 ምሽት ኡዞ የተባለች 8 ሜትር ገደማ የምትሆን ባለሸራ ጀልባ ሦስት ሰዎች ይዛ ከዋይት ደሴት ተነሣች። መድረሻዋ በምዕራብ በኩል ያለው ዳርትማውዝ ነበር። ሦስቱም አልተመለሱም፤ አስከሬናቸው ከባሕር ተገኘ። የብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በ2007 ባወጡት ዘገባ ጀልባዋ ከፖርትስማውዝ ወደ ስፔን በመጓዝ ላይ ከነበረው ፕራይድ ኦፍ ቢልባኦ ከተባለው የመንገደኞች መርከብ ጋር እንደተጋጨች፣ ወይም መርከቡ እጅግ ተጠግቶ ሲያልፍ በማዕበሉ እንደተገለበጠች ደመደሙ። ሌሊቱ ጨለማ ነበር። ተረኛው መኮንን የጀልባዋን መብራት ያየው በመጨረሻዋ ሰዓት ነበር፤ መርከቡን አዙሮ ጀልባዋ በደኅና አልፋለች ብሎ አመነ፤ ጉዞውም ቀጠለ። መኮንኑ በሰው መግደል ተከሶ ፍርድ ቤት ቢቀርብም በነጻ ተሰናብቷል።

በአንቀጽ 18 ብንመዝነው መልቀቅ የነበረበት መርከቡ ነው። ሕጉ ከጀልባዋ ጋር ነበር። መርማሪዎቹ ግን ትኩረታቸውን ያደረጉት ከዚያ በፊት በሚመጣ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጀልባዋ ትታይ ነበር ወይ? የጀልባዋ መብራት ስታጋድል ከሩቅ ለማየት አስቸጋሪ ሊሆን ይችል እንደነበር፣ የራዳር ሞገድ መልሶ እንዲልክ የተሰቀለው መሣሪያም ዓይነቱ ደካማ መሆኑን ጠቀሱ። በመርከቡ በኩል ደግሞ የጠባቂ ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ጊዜ እንደሚያስፈልገው አሳሰቡ።

ቁጥሮቹን ብናሰላቸው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከ12 ሜትር በታች ለሆነች ጀልባ ሕጉ የሚጠይቀው የጎን መብራት፣ ማለትም በግራ ቀይ በቀኝ አረንጓዴ፣ ቢያንስ ከአንድ የባሕር ማይል ርቀት የሚታይ እንዲሆን ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። በሰዓት 20 የባሕር ማይል የሚጓዝ መርከብ ይህንን ርቀት በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚህ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠባቂው መብራቱን ማየት፣ ምን እንደሆነ መለየት፣ መወሰን፣ ግዙፉንም መርከብ ማዞር አለበት። በዚያ ላይ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ራሱ ከመርከቡ መምሪያ ክፍል ሲታይ ከፊት ለፊት እስከ ሁለት የመርከብ ርዝመት ወይም 500 ሜትር፣ ከሁለቱ እስከሚያንሰው ድረስ፣ ባሕሩ ሊሸፈን እንደሚችል ይቀበላል። በዚያ ክልል ውስጥ የገባች ትንሽ ጀልባ ከመርከቡ አናት ላትታይ ትችላለች።

ከባብ ኤል ማንደብ እስከ ሆርሙዝ

ይህ ሁሉ ለእንግሊዝ ውኃ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በአካባቢያችን ያሉት ሁለቱ ታላላቅ ሰርጦች ባብ ኤል ማንደብና ሆርሙዝ መርከቦች በተለዩ መስመሮች የሚተላለፉባቸው ናቸው። በሆርሙዝ ለመግቢያና ለመውጫ የተለዩት መስመሮች እያንዳንዳቸው 2 የባሕር ማይል ስፋት አላቸው፤ በመካከላቸውም 2 የባሕር ማይል መለያ ክልል አለ።

አንዲት ባለሸራ እንዲህ ያለውን መስመር ማቋረጥ ካለባት በተቻለ መጠን የጀልባዋን ፊት ከመርከቦቹ ፍሰት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን አድርጋ ማቋረጥ አለባት፤ ይህም በመስመሩ ውስጥ የምትቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። በሰዓት 5 የባሕር ማይል ብትጓዝ ባለ 2 ማይሉን መስመር ለማለፍ 24 ደቂቃ ይፈጅባታል። በእነዚያ 24 ደቂቃዎች በሰዓት 15 ማይል የሚሄድ ነዳጅ ጫኝ 6 ማይል ይጓዛል። ስለዚህ ከማቋረጧ በፊት ማየት ያለባት አጠገቧ ያለውን መርከብ ብቻ ሳይሆን ገና ከአድማስ ላይ ብቅ ያለውንም ነው።

የሸራ ጥበብ በባሕረ ሰላጤው ዛሬም ሕያው ነው። ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው አል ጋፋል የተባለው ውድድር 60 ጫማ የሚረዝሙ ዳዎችን ከሲር ቡ ኔይር ደሴት ወደ ዱባይ በሸራ ያሮጣል። ስሙ የዕንቁ ጠላቂዎች የሥራው ወቅት ሲያልቅ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ጉዞ ያስታውሳል። የሸራ ውድድሮች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ ግን ተወዳዳሪው በውድድሩ ውስጥ የሌለ ጀልባ ወይም መርከብ ሲያጋጥመው የ1972ቱን ሕግ እንዲያከብር ያዛል። ዋንጫ ከግጭት ሕግ ነጻ አያወጣም።

በባብ ኤል ማንደብ ደግሞ ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ ይበልጥ ይቀርባል። በጅቡቲ ከኦቦክ አካባቢ፣ በሶማሊያም ከቦሳሶ፣ ወደ የመን የሚሻገሩ ትንንሽ ጀልባዎች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ጭነው ይጓዛሉ፤ ብዙዎችም በዚህ ባሕር ላይ ቀርተዋል። እነዚህ ጀልባዎች ባለሸራ አይደሉም፤ የሚሰጥሙትም አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ በመጫናቸው ነው። ሆኖም ከላይ የተነገረው ሁሉ በእነሱ ላይ በእጥፍ ይሠራል። በሌሊት ያለ መብራት የምትሻገር ዝቅተኛ የእንጨት ጀልባ ለነዳጅ ጫኙ ጠባቂ የለችም ማለት ይቻላል፤ በራዳር ላይም የማዕበል ያህል ትመስላለች። ማንም ደላላ “መርከቦቹ ያዩናል፤ ዞር ይላሉ” ቢል፣ ያላዩትን የሚያስለቅቅ ሕግ የለም።

ወደብ አልባ አገር፣ ባሕር የሚያውቁ ልጆች

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 90 የባሕር ዳርቻ ያላትም ሆነ የሌላት ማንኛዋም አገር ሰንደቋን የሚያውለበልቡ መርከቦችን በውቅያኖስ የማሰማራት መብት እንዳላት ደንግጓል። ኢትዮጵያም በዚህ መብት ተጠቅማ የንግድ መርከቦቿን ታሠማራለች፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የማሪታይም ማሰልጠኛም ለዓለም አቀፍ መርከቦች መኮንኖችን ታሠለጥናለች። ከጅዳ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ጭነት ባብ ኤል ማንደብን፣ ከጀበል አሊ የሚነሣውም ሆርሙዝን ያልፋል።

በመርከብ መምሪያ ክፍል ተረኛ ሆኖ ለመቆም የሚፈልግ መኮንን ይህንን ደንብ ጠንቅቆ ማወቁን በፈተና ማረጋገጥ አለበት። ይህም በ1978ቱ የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት የተደነገገ ነው። በመዝናኛ ጀልባ ላይ ያለ ባለሸራ ግን በብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ፈተና ሳይገጥመው ወደ ባሕር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች አንዱን ሕግ በተለያየ መጠን ሲያውቁት ነው።

ደንቡ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቹ ላይ የመላውን ሰነድ መንፈስ የያዘ ድንጋጌ አስቀምጧል። አንቀጽ 2 ማንኛውም መርከብ፣ ባለቤቱም ሆነ አዛዡ፣ የባሕረኛ ልምድ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ በመተው ከሚመጣ ጥፋት ነጻ እንደማይሆን ይናገራል። አስቸኳይ አደጋን ለማስወገድ አስፈላጊ ከሆነም ከደንቡ ራሱ መውጣት እንደሚቻል ይፈቅዳል። ሕግ አውጪዎቹ ደንቡን ለሕይወት አገልጋይ አደረጉት እንጂ ሕይወትን ለደንቡ አላስገዙም።

ከዚህ ሁሉ ለተራው ሰው የሚተርፈው ምክር ጥቂት ነው። በባሕር ላይ ለሽርሽርም ሆነ ለሥራ የሚወጣ ሰው መብራቱ መብራቱን፣ በቀንም መታየቱን ያረጋግጥ። በሁሉም አቅጣጫ፣ ወደኋላም ጭምር፣ ዘወትር ይመልከት፤ አንቀጽ 5 ለሁሉም መርከብ የሚያዘው ይህንን ነው። የሚለቀው እሱ ከሆነ በጊዜ፣ ሌላው በግልጽ ሊያየው በሚችል መጠን፣ ይዙር። ጠባቂው እሱ ከሆነ አቅጣጫውን ይጠብቅ፤ ዓይኑን ግን ከሌላው አይንቀል። የመርከብ መስመር ውስጥ ከገባ ሸራው የሚሰጠውን ደረጃ ይርሳ። በትልቅ መርከብ ፊት ለማለፍ ከተፈተነ ደግሞ ከኋላው በኩል ማለፍ የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ያስብ።